የአባት ወንፈል

እኔ ትምህርት ቤት ዘጊ ነኝ። መታወቂያዬ ላይ “የዕቅድና በጀት ባለሙያ” ይላል እንጂ ሥራዬ ይኸው ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ቢሮዬ ተቀምጬ አካፍላለሁ፤ የአንድ ትምህርት ቤት የዓመት ወጪ ከላይ፣ የተማሪው ብዛት ከታች። የሚወጣው ቁጥር “የአንድ ተማሪ ወጪ” ይባላል። ቁጥሩ ከበዛ ትምህርት ቤቱ ይዘጋና ልጆቹ አቅራቢያው ወዳለ ትልቅ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በእኛ አነጋገር ግን “ተዘጋ” አይባልም፤ “ተዋሃደ” ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት አዋህጃለሁ። እንቅልፍም አልነሳኝም። የመንግሥት ገንዘብ ከሰማይ አይዘንብም፤ አንዱ ጋ የሚባክነው ከሌላው የተቀማ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬም አምናለሁ።

ባለፈው ኅዳር ተራው የአስታ አምባ ሆነ። ከገሳይ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ አንድ ሰዓት ተኩል ሽቅብ የሚያስኬድ መንደር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ሲሆን ሁለት መምህራንና ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች አሉት። የያዝኩት መመሪያ ከስልሳ በታች የሆነ ይዋሃድ ይላል፤ ወላጆች ተስማምተው መፈረማቸውን ብቻ ይጠይቃል። ይህች ፊርማም ብትሆን አታስቸግረኝም ነበር። ከመሄዴ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ በኮምፒውተር ጽፌ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ስብሰባው አልተጠራም፣ ማንም አፉን አልከፈተም፤ እኔ ግን ወላጆች መስማማታቸውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ከወረቀቱ ጎን የጣት አሻራ ማስነሻውን ሐምራዊ ቀለም አስቀመጥኩ። ሰባቱም ቦታ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። ገበሬ ብዙ ይናገራል፣ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱን ይሰጥሃል። ጊዜ ለመቆጠብ ነው እል ነበር።

ኅዳርን የመረጥኩትም በተንኮል ነው። በኅዳር ገብሱ ይደርሳል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ሳይረግፍ ቶሎ መታጨድ አለበት። ልጅ ሁሉ ወደ ማሳ ይወጣል፣ ክፍሉ ይራቆታል። በመዝገብ ሠላሳ ስምንት የተባለው በኅዳር ወር አሥራ አምስት ልጅ ቢገኝ ነው። ይህን በዓይኔ አይቼ ብጽፍ ማን ይሟገተኛል?

በመጀመሪያው ሚኒባስ ገሳይ ደረስኩና ዳገቱን ተያያዝኩት። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም የድሮው አይደለም። እያለከለክሁና ትምህርት ቤቱን እዚያ ላይ የሠራውን ሰው እየረገምኩ ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሁለት የጭቃ ክፍሎች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ አጥር። ገብቼ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት።

አንድ ሁለት ቢጎድል አምን ነበር። በኅዳር ሙሉ ክፍል የሚባል ነገር ግን በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኔ አላየሁም። ይህን ተአምር የሚሠራው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብድር ነው። ቆጣሪ ይመጣል ሲባል ከጎረቤት ቀበሌ ልጅ ይዋሳሉ፣ ቆጣሪው ሲሄድ ይመልሳሉ።

ርዕሰ መምህሯ ፈንታነሽ ትባላለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አጭር ናት፣ ፊቷን የጉና ብርድ አጥቁሮታል፣ ስንጨባበጥ መዳፏ እንደ ገበሬ መዳፍ ሻከረኝ።

“ስንቱን ነው የተዋስሽው?” አልኳት ጠጋ ብዬ።

አልደነገጠችም። “ልጅስ አልተዋስንም፤” አለች። “እኛ የምንዋዋሰው አባት ነው።”

ያሾፈችብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ስም መጥሪያውን ተቀብዬ እያንዳንዱን ልጅ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም ጠየቅሁ። አንድም የተሳሳተ የለም። የተበደረ ልጅ አያቱ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፤ እነዚህ ግን ቅድመ አያት ድረስ ሊወስዱኝ ምንም አልቀራቸውም። እሺ፣ ልጆቹ የራሷ ናቸው። ታዲያ ማን ነው ገብሱን የሚያጭደው?

“ይቀመጡ፣ ክፍሉን ይዩት፤” አለችኝና ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ።

ትምህርቱ የጀመረው እኔ በማውቀው መንገድ አይደለም። ደብተር አውጡ፣ ገጽ ይህን ግለጡ የለም። “ተማሪሽ እንዴት አመሹ?” ብላ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጠየቀች። ቤዛዊት ነው ስሟ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ገና እያደጉ ናቸው።

“ደህና ናቸው፤” አለች ቤዛዊት ተነስታ። “ግን ረጅም ቃል ሲያዩ መሀሉን ይዘሉታል። መጀመሪያውን ያዩና መጨረሻውን ከልባቸው ይሞሉታል።”

“አንቺ ምን አደረግሽ?”

“ቸኩዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ተቆጡ።”

“በማን ተቆጡ?”

“በእኔ አይደለም። በራሳቸው ነው የተቆጡት።” ልጅቱ አሰበች። “ዛሬ ዝም ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። በጣት እየሸፈንኩ አንድ አንድ ፊደል አሳያቸዋለሁ።”

ሌላው ተነሳ፤ የእሱ ተማሪ ንባቡ ደህና ሆኖ የተነበበውን መልሰው ሲጠየቁ ይጠፋቸዋል። ሌላዋ ተነሳች፤ የእሷ ተማሪ ትናንት አንድ ሙሉ ገጽ ጨርሰው ገጹን ሳሙት። ክፍሉ ሳቀ። እያንዳንዱ ልጅ ስለ ተማሪው ሕመም እንደ ሐኪም ይናገራል። መምህርቷ መድኃኒቱን አትናገርም፤ “አንተስ ምን ታስባለህ?” ትላለች። ልጆቹም መልሱን ፍለጋ መጽሐፉን ያገላብጣሉ፣ እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ፣ እየተነሱ ሰሌዳው ላይ ይሞክራሉ።

ከቦርሳዬ ጋዜጣ አውጥቼ አጠገቤ ለተቀመጠ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሰጠሁት። ኤርምያስ የሚባል ጎራዳ ልጅ ነው። ስለ ስንዴ ዋጋ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ለልጅ የሚሆን አይደለም። ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቀና ብሎ አየኝና፣ “ቀስ ብዬ ላንብብልዎ ወይስ እንደ ራሴ?” አለኝ።

“እንደ ራስህ፤” አልኩት።

እንደ ውሃ አወረደው። አልዋሽም፣ ጆሮዬን አላመንኩም። ከዚያ ቀደም በነበረው ግንቦት ሁለት ሺህ ተማሪ ያለው አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፤ ስሙን አልናገርም። የአንድ ተማሪ ወጪው ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ በየሪፖርቴ የማሞግሰው እሱን ነው። እዚያ የአራተኛ ክፍል ልጅ ይህን ጋዜጣ ብሰጠው ፎቶውን ያይልኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ተለቀቁ። ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ መጽሐፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቁልቁል ወደ ገብሱ ማሳ ሮጡ። ፈንታነሽም እኔን አስከትላ ወረደች። ታች ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተሰልፈው የአንድ ሰው ገብስ ያጭዳሉ፤ ሴቶቹ ነዶውን ይሰበስባሉ። ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን፤ ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ብድር። ልጆቹ ሲደርሱ ማጭድ ሁሉ መሬት ተቀመጠ፣ ዳቦና ጠላ ወጣ። ከዚያ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ስናገር አያምነኝም። እያንዳንዱ ልጅ ወደ አንድ ትልቅ ሰው ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና መጽሐፉን ገለጠ።

ቤዛዊት የተቀመጠችው አርባ አምስት ዓመት ከሚሆነው ትከሻው ሰፊ ሰውዬ አጠገብ ነው። ሞላ ይባላል፤ የኤርምያስ አባት ነው። ኤርምያስ ደግሞ ገላጣ ራሳቸውን በጋቢያቸው ጫፍ የሸፈኑ ሽማግሌ አጠገብ ሄደ፤ አቶ ሙላቴ፣ የቤዛዊት አባት። ሽማግሌው ጣታቸው ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ አንዱን ፊደል ሲያሳዩ ሦስቱን ይሸፍኑታል። ስለዚህ ኤርምያስ የገብስ አገዳ ቆርጦ ሰጥቷቸዋል፤ በእሱ ጫፍ ነው የሚከተሉት።

“እንግዲህ ይኸው ነው የምንዋዋሰው፤” አለች ፈንታነሽ አጠገቤ ነዶ ላይ እየተቀመጠች።

“ንገሪኝ፤” አልኳት። አሁን ቁጣዬ ጠፍቶ ነበር።

“ሰው ትምህርት ነፃ ነው ይላል። ነፃ አይደለም። ቤዛዊት ክፍል ስትቀመጥ የአባቷ ገብስ እዚህ ይረግፋል፤ አባቷ የሚከፍሉት እሱን ነው። እኔ በመጣሁበት ዓመት ኅዳር ሲገባ ዘጠኝ ልጅ ቀረኝ። ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ፣ መከርኩ፣ የትምህርትን ጥቅም ደሰኮርኩ። ያ ሞላ ምን አለኝ መሰለዎ? ‘እትዬ ቲቸር፣ ምክር አያጭድም።’”

“እውነቱን ነው።”

“እውነቱን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማጭድ ይዤ ሄድኩና ቀኑን ሙሉ ገብሱን አጨድኩለት። እጄ ተላጠ። ሲያመሰግነኝ ‘ምስጋና አልፈልግም፤ ወንፈሌን መልሱልኝ’ አልኩት። በምን ልመልስ አለኝ። ‘በኤርምያስ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ይምጣልኝ’ አልኩ። ወንፈል በልቶ ዝም የሚል ሰው እዚህ አገር ስም የለውም። ሰኞ ጠዋት ልጁ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ የሌላውን አጨድኩ፣ የሌላውን። በሦስተኛው ቅዳሜ እነሱ ራሳቸው አፈሩ። ‘አንቺ ቅዳሜሽን አትጨርሺ፤ የልጁ እጅ የሚያስፈልገው ቤት ካለ እኛው ተራ እንገባለታለን’ አሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ልጁ የእኔ ነው።”

“ይህስ?” አልኩ ወደሚያነቡት እያሳየሁ።

ሳቀች። “አባቴ ደብረ ታቦር የአቋቋም መምህር ነበሩ። ትናንት የተማረ ዛሬ ከታቹ ላለው ካላስተማረ ‘ሰምቷል እንጂ አልተማረም’ ይሉ ነበር። የእኔም ልጆች ዛሬ አንብበው ነገ ይረሱ ነበርና ለእያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ ልስጣቸው አልኩ። ያልተማረ ሰው የት ይጠፋል፤ በየቤታቸው አባታቸው አለ። ግን ሳምንት አልሞላም። ልጅ አባቱን ‘ተሳስተዋል’ ይላል? አንዱ ‘ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም’ ብሎ ሳቀበት፤ አቶ ሙላቴ ደብተሩን እሳት ውስጥ ወረወሩት። ቤዛዊት ሁለት ቀን አለቀሰች።”

“ታዲያ?”

“በሦስተኛው ቀን ራሳቸው መጡ። ‘ቲቸር፣ የገዛ ልጄ ስታርመኝ ሰይጣኔ ይመጣል። የሞላ ልጅ ቢያርመኝ ግን አልቆጣም፤ በሰው ልጅ መቆጣት ነውር ነው። በሬ እንዋዋሳለን፣ ጉልበት እንዋዋሳለን፤ አባት ብንዋዋስስ?’ አሉኝ። አየ አቶ ዘውገ! አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሬ ይህን ያገኙት እሳቸው ናቸው።”

“እናቶቹስ?”

“እናት በልጇ ብትታረም ምን ቸገራት? እነሱን የየራሳቸው ልጆች ናቸው ያስተማሯቸው። እነሱማ በንባብ ወንዶቹን ጥለዋቸው ሄደዋል።”

እዚያ ነዶ ላይ ተቀምጬ አባቴ ትዝ አለኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አንበሳሜ አጠገብ ባለው ቤታችን አባቴ አንድ ማታ “እስቲ ያንን ፊደልህን አሳየኝ” ብሎኝ ነበር። አሳየሁት። “በ”ን “ሰ” ሲል ሳቅሁ። የልጅ ሳቅ ነው፣ ክፋት የለውም፤ ግን ሳቅሁ። አባቴ መጽሐፉን ዘግቶ ሰጠኝና “ሂድ፣ በሬዎቹን ውሃ አጠጣ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፊደል ነክቶ አያውቅም። አሁን ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ ቤቴ ነው የሚኖረው፣ ዛሬም በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው። የአስታ አምባ ገበሬ በሦስት ቀን ያገኘውን መላ እኔ በአርባ ሦስት ዓመት አላገኘሁትም።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ ይህን ሁሉ አድንቄ፣ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ስምንት ሰዓት ላይ ወላጆቹን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስቤ ቃለ ጉባኤውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልማድ ክፉ ነው። አድናቆት የበጀት መደብ የለውም፣ መመሪያው ስልሳ ነው የሚለው፣ እኔ የታዘዝኩ ሰው ነኝ አልኩ በልቤ። ፈንታነሽ ምን እንደሚመጣ ገብቷታል። ወደ ማሳው ስንወርድ “ገሳይ ከተባለ ከሠላሳ ስምንቱ አሥሩ ይወርዱ ይሆናል፤ ሴቶቹ ግን አንድም አትወርድም” ብላኝ ነበር። አሁን ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ስለ ውህደት ጥቅም አሥር ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙ መምህር፣ የተሻለ ክፍል። ስጨርስ ወረቀቱንና ሐምራዊውን ቀለም አግዳሚው ላይ አስቀምጬ፣ “እንግዲህ መወያየታችንን የሚገልጽ ነው፤ ተራ በተራ አሻራችሁን አኑሩ” አልኩ።

ማንም አልተነሳም። ከዚያ ሞላ መጣ፤ ቀለሙን አልፎ ወረቀቱን አነሳ።

“ላንብበው፤” አለ።

“ያው የነገርኳችሁ ነው፤” አልኩ ፈጠን ብዬ።

“ግድ የለም ጋሼ። ላንብበው።”

ወረቀቱን ከፊቱ ራቅ አድርጎ ያዘ። ማንበብ ጀመረ። “እኛ… ስማችን… ከዚህ በታች… የተጠቀሰው… የአስታ አምባ… ወላጆች… ዛሬ… ከቀኑ… አሥር ሰዓት… ላይ… ተሰብስበን…”

“አሥር ሰዓት?” አለች ከሴቶቹ መካከል የሙላቴ ሚስት ዘነበች፣ ፀሐይዋን ቀና ብላ እያየች። “ገና ስምንት ተኩል አልሆነም።”

ሳቅ ተነሳ፤ ወዲያው ጠፋ። ሞላ ቀጠለ። “በሰፊው… ከተወያየን… በኋላ… ትምህርት ቤታችን… ተዘግቶ…” እዚህ ላይ ቆመ። ረጅም ቃል ገጥሞታል። ዓይኑ ቤዛዊትን ፈለገ። ልጅቱ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ከንፈሯ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር። እሷ ቃሉን ታውቀዋለች ማለት ነው፤ ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። አንድ ጣቷን ብቻ አንስታ ቀስ እያለች በአየር ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ አሳየችው። ሃምሳ ሰው ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና እንዳያነበው እየተመኘሁ ነው የጠበቅሁት።

“ልጆ… ቻችን…” አለ ሞላ በጣቱ እየሸፈነ፤ “ልጆቻችን… ገሳይ… እንዲማሩ… በሙሉ ድምፅ… ተስማምተናል። ለዚህም… ደስታችንን… እንገልጻለን።”

ወረቀቱን ወደ ታች አደረገው። ግንባሩን አልቦታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ እንኳ እንዲያ አላላበውም። “መቼ ነው ደስ ያለን?” አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው።

አቶ ሙላቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ እኔ መጥተው ቀለሙን አነሱና ክዳኑን ገጥመው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “እኔ አራት ጊዜ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አኑሬያለሁ። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባለማወቄ እግዜር አይጠይቀኝም። አንተ ግን ታውቅ ነበር።”

ሰው በሕይወቱ ብዙ ይሰደባል። እኔም ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚህ ዘልቆ የገባ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ቁጭ አልኩ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ለሁለት ቀደድኩት። “እናንተ ንገሩኝ፤ የምትሉትን ልጻፈው፤” አልኩ።

“አይ፣” አለ ሞላ፣ “እኛው እንጽፈዋለን።”

ጻፉት። ከደብተር መሀል አንድ ወረቀት ተገንጥሎ መጣ፣ እስክሪብቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ መስመር የጻፈ ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ያርማሉ፣ ወንዶቹ ይከራከራሉ፣ ልጆቹ አጥሩ ሥር ጥፍራቸውን ይበላሉ። አራት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እንዲህ ይላል፦ “ተወያየን። ትምህርት ቤታችን እንዲዘጋ አልተስማማንም። እኛም እየተማርን ነን። ኑና ቁጠሩን።” ከሥሩ አርባ አንድ ስም አለ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች የሄደ፤ የአቶ ሙላቴ ስም ብቻ ሦስት መስመር ያህል ይይዛል። አሻራ አንድም የለም።

በማግስቱ አለቃዬ ወረቀቱን ገልብጦ አየና “ይህ ምንድን ነው?” አለኝ።

“የወላጆች ውሳኔ ነው። አልተስማሙም። መመሪያው ካልተስማሙ አይዋሃድም ይላል።”

“ሌሎቹ ሰባቱ ተስማምተው የለም እንዴ?”

“ሌሎቹ ሰባቱ ማንበብ አይችሉም ነበር፤” አልኩት። ከዚያ ሌላ ወረቀት ሰጠሁት። ወጪውን በተመዘገበው ልጅ ሳይሆን ማንበብ በሚችለው ሰው ነበር ያካፈልኩት። የንባብ ፈተና ውጤት ካገኘሁላቸው ትምህርት ቤቶች በዚህ ስሌት ከሁሉም ርካሹ አስታ አምባ ነው፤ የማሞግሰው ትልቅ ትምህርት ቤት ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኗል። አለቃዬ ሂሳቡን ሦስት ጊዜ መረመረው። እሱም የሂሳብ ሰው ነው፤ ስሕተት ፈልጎ ቢያጣ ጊዜ “ለዚህ ዓመት ይቆይ፤ ሌሎቹንም እንዲህ አስላቸው” አለ። የዘጋኋቸውን ሰባቱን ግን አሁን ማስላት አይቻልም። እሱን ይዤው እኖራለሁ።

ቤቴ ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ስለ ሙላቴ፣ ስለ ሞላ፣ ስለ ገብሱ አገዳ። አባቴ ባዩ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እስክጨርስ ይጠብቅና ሌላ ወሬ ያነሳል። በዚያን ቀን ግን ቆይቶ፣ “እኔን ማን ይዋሰኛል?” አለ።

ጎረቤታችን ትዝታ የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ አለች። አባቷ ሞገስ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ እሱም ፊደል አልቆጠረም። ሄጄ ነገሩን አጫወትኳቸውና ተዋዋልን። ትዝታ የእኔን አባት፣ እኔ የእሷን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ቤት።

ከትዝታ ጋር አባቴ እንደ በግ ነው። “እሜቴ፣ ይህችስ ማን ትባላለች?” ይላታል፤ ስታርመው “እግዜር ይስጥልኝ” ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ሞገስ አንዷ ፊደል ላይ ቆሞ ቀረ። አንዴ ነገርኩት፣ ሁለቴ ነገርኩት። በሦስተኛው፣ ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ሥራ ላይ የቆየሁት እኔ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ እንዲያውም ሳቅ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

ከወዲያኛው ክፍል የአባቴ ድምፅ መጣ።

“ዘውገ፣” አለኝ፣ “ቀስ በል። ሰውዬው አባት ነው።”